ቺለር (ትልቅ የውሃ ማቀዝቀዣ ማሽን) ውስጥ አየር መግባቱን እንዴት እናረጋግጣለን? እንዴትስ እናወጣዋለን?

ይህን ጥያቄ የምትጠይቁኝ ብዙ ናችሁ። ገሚሶቻችሁ አዲስ አበባ ውስጥ ሆቴልና ሆስፒታል ነው የምትሠሩት፣ ገሚሶቻችሁ ዱባይና ዶሃ ናችሁ፤ ጥያቄው ግን ሁሌም ያው ነው። "ቺለሩ ሃይ ፕሬዠር (ግፊት በዛ) እያለ ይቆማል። ኮንደንሰሩን አጥበናል፣ ኩሊንግ ታወሩም (የኮንደንሰሩን ውሃ የሚያቀዘቅዘው ማማ) ደህና ነው። አየር ይዞ ይሆን? ከያዘስ ከላይ ከፍተን እናስተንፍሰው?"

መጀመሪያ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሳትለኩ ምንም ቫልቭ እንዳትከፍቱ። አየር መኖሩ በቴርሞሜትርና በጌጅ (በግፊት መለኪያ) የሚረጋገጥ ነገር ነው። በግምት የተከፈተ ቫልቭ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስወጣው ጤነኛውን ማቀዝቀዣ ጋዝ ነው፤ ከዚያ ቺለሩ ጋዝ ያንሰዋል፣ ችግሩም ሁለት ይሆናል።

ከዚህ በታች የምጽፈው አር 134ኤ በሚባለው ማቀዝቀዣ ጋዝ የሚሠራ፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ ኮንደንሰር ላለው ቺለር ነው። በአየር ስለሚቀዘቅዙትና በዝቅተኛ ግፊት ስለሚሠሩት መጨረሻው አካባቢ እመጣለሁ።

አየሩ ምን ያበላሻል?

የኮንደንሰር ሥራ ከኮምፕረሰር (ጋዙን ጨምቆ ከሚገፋው ክፍል) የመጣውን ትኩስ ጋዝ ወደ ፈሳሽ መለወጥ ነው። አየርና ናይትሮጅን ግን በኮንደንሰሩ ሙቀትና ግፊት በፍጹም ፈሳሽ አይሆኑም። የተለወጠው ፈሳሽ ከታች ግፊቱን ወደሚቀንሰው ኤክስፓንሽን ቫልቭ ሲሄድ እነሱ ኮንደንሰሩ ውስጥ ይቀራሉ። መውጫ የላቸውም፣ እዚያው ይከማቻሉ።

ጉዳቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛ፣ የራሳቸውን ግፊት በጋዙ ግፊት ላይ ይጨምራሉ። ሁለተኛ፣ ቱቦዎቹን ስለሚሸፍኑ ጋዙ ወደ ቀዝቃዛው ብረት በደንብ አይደርስም። ኮምፕረሰሩ ከፍ ያለ ግፊት ላይ ሲገፋ አምፔሩ ይጨምራል፣ የዲስቻርጅ (ከኮምፕረሰሩ የሚወጣው ጋዝ) ሙቀቱ ከፍ ይላል፣ ዘይቱ ቶሎ ይበላሻል። የኮንደንሲንግ ሙቀት (ጋዙ ፈሳሽ የሚሆንበት ሙቀት) በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ በጨመረ ቁጥር የኮምፕረሰሩ ፍጆታ ከ2 እስከ 3 በመቶ ያህል እንደሚያድግ አስቡት። ከአየሩ ጋር ደግሞ እርጥበት ይገባል። የአር 134ኤ ቺለሮች የሚጠቀሙበት ፒኦኢ ዘይት እርጥበት ይወዳል፤ ከእርጥበት ጋር ሲሞቅ አሲድ ይፈጥራል፣ አሲዱም የሞተሩን ጥቅል ሽቦ ይበላል።

አሁን ይህን ልብ በሉ። የአር 134ኤ ቺለር ሲሠራ በሁለቱም ወገን፣ በኮንደንሰሩም ውሃውን በሚያቀዘቅዘው ኢቫፖሬተርም፣ ግፊቱ ከውጭው አየር በላይ ነው። ስለዚህ ቀዳዳ ቢኖረው ጋዝ ይወጣል እንጂ አየር አይገባም። አየር የሚገባው በእኛ እጅ ነው። ማሽኑ ለጥገና ተከፍቶ በቂ ቫኪዩም ሳይደረግ (ውስጡ ያለው አየር በፓምፕ ተስቦ ሳይወጣ) ሲሞላ፣ የሆዙ (የተጣጣፊው ቱቦ) አየር ሳይወጣ ጋዝ ሲጨመር፣ ለሊክ (ጋዝ የሚያፈስ ቀዳዳ) ፍተሻ የገባ ናይትሮጅን ተጠርጎ ሳይወጣ ሲቀር፣ ወይም የተገዛው ሲሊንደር ራሱ ንጹሕ ሳይሆን ሲቀር። በቅርብ ጊዜ ማንም ያልነካው ቺለር "አየር ይዟል" ከተባለ፣ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ልኬቱን ነው።

ቫልቭ ከመንካታችሁ በፊት፦ ሌሎቹን ተጠርጣሪዎች አጥሩ

ከፍተኛ የኮንደንሰር ግፊት የሚመጣው በአየር ብቻ አይደለም። የቆሸሸ ቱቦ፣ ያነሰ የውሃ ፍሰት፣ የቆመ የታወር ፋን፣ ከልክ በላይ የተሞላ ጋዝ፣ ሁሉም ያንኑ አላርም ያመጣሉ።

ቺለሩ እየሠራ እያለ ሦስት ነገር ጻፉ፦ የኮንደንሰሩ ግፊት የሚያሳየውን የሳቹሬሽን ሙቀት (በዚያ ግፊት ጋዙ ወደ ፈሳሽ የሚለወጥበት ሙቀት)፣ ከኮንደንሰር የሚወጣውን ፈሳሽ ጋዝ ሙቀት፣ ከኮንደንሰር የሚወጣውን ውሃ ሙቀት። ቱቦው ከቆሸሸ የሳቹሬሽን ሙቀቱም የፈሳሹም ሙቀት አብረው ከፍ ይላሉ። አየር ካለ ግን ግፊቱ ብቻውን ከፍ ይላል፤ ፈሳሹ ከሳቹሬሽን ሙቀቱ በጣም ቀዝቅዞ ይገኛል፣ ሰብኩሊንጉ (ይህ ልዩነት) ሲታይ ትልቅ ይመስላል። የጌጁ መርፌም ብዙ ጊዜ ይንቀጠቀጣል። ይህ ገና ምልክት ነው። ከመጠን በላይ የተሞላ ቺለርም ትልቅ ሰብኩሊንግ ያሳያል። ስለዚህ ማሽኑ ቆሞ የሚደረገው ፍተሻ የግድ ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ

- ትክክለኛነቱ የተረጋገጠ ማኒፎልድ ጌጅ፣ ዲጂታል ቢሆን ይመረጣል
- በ0.5 ዲግሪ ልክ የሚያነብ ቴርሞሜትር፣ ቢቻል ሁለት
- የአር 134ኤ ፒቲ ቻርት (የግፊትና የሙቀት ሠንጠረዥ)
- ሪከቨሪ ማሽን (ጋዙን ከቺለሩ ስቦ ሲሊንደር ውስጥ የሚያስገባ)
- ባዶ፣ ንጹሕና ቫኪዩም የተደረገ የሪከቨሪ ሲሊንደር፣ የፍተሻ ቀኑ ያላለፈበት
- ሚዛን
- ጫፋቸው ላይ መዝጊያ ያላቸው ሆዞች
- ቫኪዩም ፓምፕ ከአዲስ ዘይት ጋር፣ እና ማይክሮን ጌጅ (ጥልቅ ቫኪዩም በማይክሮን የሚለካ)
- ናይትሮጅን ከነሬጉሌተሩ (ከነግፊት መቆጣጠሪያው)፣ ማሽኑ መከፈት ካለበት ብቻ
- የሊክ መፈለጊያና የሳሙና ውሃ
- የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ወፍራም ጓንት፣ ረጅም እጅጌ ልብስ
- ሎግ ሺት (ንባብ መመዝገቢያ ወረቀት)

ማስጠንቀቂያ፦ ይህን ሳታነቡ አትጀምሩ

አር 134ኤ ከአየር ይከብዳል። የቺለር ክፍሎቻችን ደግሞ አብዛኞቹ ምድር ቤት ናቸው። የፈሰሰ ጋዝ ወለል ላይና ጉድጓድ ውስጥ ተኝቶ ኦክስጅኑን ይገፋዋል፤ ሰው ሳይታወቀው ራሱን ይስታል። የአየር ማውጫውን ፋን አስነሱ፣ በሩን ክፈቱ፣ ብቻችሁን አትሥሩ።

ለሊክ ፍተሻ የተጨመቀ አየር አትጠቀሙ። አር 134ኤ በተለመደው ሁኔታ አይነድም፤ ግፊት ካለው አየር ጋር ሲቀላቀል ግን ሊቀጣጠል ይችላል። ኦክስጅንማ ጭራሽ አይታሰብ። ከዘይት ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል።

አዲስ ጋዝ የሚመጣበትን አንዴ ብቻ የሚያገለግል ሲሊንደር ለሪከቨሪ አትሙሉ። ለዚያ አልተሠራም፣ ይፈነዳል። የሪከቨሪ ሲሊንደርም ቢሆን ከ80 በመቶ በላይ አይሞላም። ፈሳሹ ሲሞቅ ይሰፋል፣ ቦታ ካጣ ብረቱን ይቀድዳል።

ጋዙን ወደ ውጭ መልቀቅ የለም። አር 134ኤ በአየር ንብረት ላይ ያለው ሙቀት የማመቅ አቅም ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በሺህ እጥፍ የሚበልጥ ነው። የሚወጣው ሁሉ ወደ ሲሊንደር ይግባ።

አሠራሩ፣ ደረጃ በደረጃ

1. ኮምፕረሰሩን አቁሙ፣ የኮንደንሰሩን ውሃ ግን አታቁሙ።
የታወሩን ፋን አጥፉ፣ ፓምፑ ይዙር። ወደ ኮንደንሰር የሚገባውና የሚወጣው ውሃ እኩል ሙቀት እስኪሆን ጠብቁ። ልዩነቱ ከ0.5 ዲግሪ በታች ሲሆን በቂ ነው። ይህ የሚደረገው ኮንደንሰሩ ውስጥ ያለው ጋዝ ከውሃው ጋር አንድ ሙቀት እንዲኖረው ነው። አንድ ካልሆነ ቴርሞሜትራችሁ ሌላ ነገር ይነግራችኋል፣ ጌጁ ሌላ። ፋኑ የሚጠፋው ደግሞ ውሃው እየቀዘቀዘ ሄዶ ንባቡ እንዳይሸሽባችሁ ነው።

2. ኢቫፖሬተሩን አትርሱት።
ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ማሽኑ ሲቆም ጋዝ ወደ ቀዝቃዛው ወገን ይሸሻል። ኢቫፖሬተሩ ገና 7 ዲግሪ ላይ ከሆነና ሁለቱ ወገኖች ክፍት ከሆኑ፣ የኮንደንሰሩ ግፊት ወደ ኢቫፖሬተሩ ሙቀት ይወርዳል። አየር እያለም "የለም" የሚል ንባብ ታያላችሁ ማለት ነው። መፍትሔው ሁለት ነው። ኮንደንሰሩን የሚለዩ ቫልቮች ካሉ ዝጓቸው፤ ግን በሁለት የተዘጉ ቫልቮች መካከል ፈሳሽ የሞላ ቱቦ እንዳታስቀሩ፣ ሲሞቅ ይፈነዳል። ቫልቭ ከሌለ ደግሞ ጠዋት፣ ቺለሩ ሌሊቱን ቆሞ ካደረ በኋላ፣ ሁለቱንም ፓምፖች አስነስታችሁ የሁለቱም ወገን ውሃ ሲቀራረብ ለኩ። እኔ ጠዋቱን እመርጣለሁ።

3. ሙቀቱንና ግፊቱን በአንድ ጊዜ አንብቡ።
ጌጁን ከኮንደንሰሩ የላይኛው ሰርቪስ ቫልቭ ላይ ግጠሙ። ከመግጠማችሁ በፊት ባዶ አየር ላይ ዜሮ ማንበቡን እዩ። ቴርሞሜትሩን በውሃው መግቢያና መውጫ ኪስ ውስጥ አስገቡ። የፓነሉን ንባብ ብቻ አትመኑ፤ ሴንሰሩ ሊያረጅ ይችላል። በዚህ ሙቀት ላይ የ1 ዲግሪ ስህተት ወደ 2.8 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) የሚጠጋ የግፊት ስህተት ያመጣል። አየር ሳይኖር አየር አለ ያሰኛል።

4. የከተማችሁን ከፍታ አስተካክሉና ከቻርቱ ጋር አወዳድሩ።
ዱባይና ዶሃ ያላችሁ ይህን ማለፍ ትችላላችሁ፤ ባሕር ጠለል ላይ ናችሁ። ኢትዮጵያ ያላችሁ ግን በጥሞና አንብቡት። የፒቲ ቻርቱ የጌጅ ግፊት የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት ያንሳል። ጌጅ የሚለካው ከውጭው አየር ያለውን ልዩነት ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ ጤነኛ ቺለር ከቻርቱ ወደ 3.5 ፒኤስአይ ከፍ ብሎ ያነባል። ሐዋሳና ባሕር ዳር ላይ ወደ 3፣ ድሬዳዋ ላይ ወደ 2 ፒኤስአይ ጨምሩ።

ለአር 134ኤ፣ አየር የሌለበት ቺለር ማሳየት ያለበት ግፊት በግርድፉ ይህን ይመስላል፦

- በ20 ዲግሪ፦ ባሕር ጠለል ላይ 68፣ አዲስ አበባ 72 ፒኤስአይ
- በ22 ዲግሪ፦ ባሕር ጠለል ላይ 73.5፣ አዲስ አበባ 77 ፒኤስአይ
- በ24 ዲግሪ፦ ባሕር ጠለል ላይ 79፣ አዲስ አበባ 82.5 ፒኤስአይ
- በ26 ዲግሪ፦ ባሕር ጠለል ላይ 84.5፣ አዲስ አበባ 88 ፒኤስአይ

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አዲስ አበባ ናችሁ፣ የሚገባውም የሚወጣውም ውሃ 22 ዲግሪ ነው፣ ጌጁ 77 ያነባል። ቻርቱን ብቻ የሚያይ ሰው "3.5 ትርፍ አለ፣ አየር ነው" ብሎ ይከፍታል። የለም፣ ቺለሩ ንጹሕ ነው። 85 ቢያነብ ግን 8 ፒኤስአይ ትርፍ አለ፣ ያ ትርፍ የአየሩ ድርሻ ነው። ዲጂታል ማኒፎልድ ያላችሁ ደግሞ ሴቲንጉ ውስጥ ገብታችሁ ከፍታውን ሙሉ፤ ካልሞላችሁት የሳቹሬሽን ሙቀቱን አሳስቶ ያሰላል።

5. በትርፉ መጠን ወስኑ።
እኔ የምሠራበት ልክ ይህ ነው። ትርፉ ከ3 ፒኤስአይ በታች ከሆነ አልነካውም፤ የመለኪያዎቹ ስህተት ብቻውን ያን ያህል ይሆናል። ከ3 እስከ 10 ከሆነ ከላይ በጥቂት በጥቂቱ አወጣለሁ፣ ከ6ኛው ደረጃ ጀምሮ ያለው ለዚህ ነው። ከ10 በላይ ከሆነ፣ ወይም ማሽኑ ያለ ቫኪዩም መሞላቱን በእርግጠኝነት ካወቃችሁ፣ ሙሉ ጋዙን አውጥቶ ቫኪዩም ማድረግ ይሻላል። ያን ያህል አየር የገባበት ማሽን እርጥበትም ይዟል፤ እርጥበት ደግሞ ከላይ በማስተንፈስ አይወጣም።

6. ሲሊንደሩንና ሪከቨሪ ማሽኑን አዘጋጁ።
ባዶውን ሲሊንደር ሚዛን ላይ አስቀምጡ፣ ክብደቱን ጻፉ። በበረዶ ውሃ የተሞላ ሰፊ ዕቃ ውስጥ ብታስቀምጡት ደግሞ ግፊቱ ዝቅ ይላል፣ ማሽኑም አይጨነቅም፤ ያኔ ሚዛኑ ዕቃውንም ውሃውንም እንዳይመዝን ዜሮ አድርጉት። ሆዞቹን ገጥማችሁ በቫኪዩም ፓምፕ አየራቸውን አውጡ። አየር ልናወጣ መጥተን አየር ማስገባት የለብንም።

7. ከኮንደንሰሩ አናት ቀስ ብላችሁ ሳቡ።
አር 134ኤ ከአየር ከሦስት እጥፍ በላይ ስለሚከብድ፣ ማሽኑ ሲቆም አየሩ ወደ ላይ ይሰበሰባል። ስለዚህ የሚሳበው ከላይኛው ጫፍ ነው። ከታች ወይም ከፈሳሽ መስመር ከሳባችሁ የምታወጡት ጋዙን ነው። ቫልቩን ሩብ ዙር ያህል ብቻ ክፈቱ፣ ለ1 ወይም ለ2 ደቂቃ ሳቡ፣ ዝጉ። በኃይል ከሳባችሁ ከታች ያለው ፈሳሽ ይፈላል። ሲፈላ ከአየሩ ጋር ይደባለቃል፣ ቀጥሎ የሚወጣው በብዛት ጋዝ ይሆናል። የኮንደንሰሩ ውሃ በዚህ ሁሉ ጊዜ ይዙር። ኮንደንሰሩ በቀዘቀዘ ቁጥር ከአየሩ ጋር ተደባልቆ የሚወጣው ጋዝ ያንሳል።

8. ጠብቁ፣ ለኩ፣ ድገሙ።
ከእያንዳንዱ ስበት በኋላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቁ። የመሳብ ሥራ ፈሳሹን ስለሚያቀዘቅዘው ወዲያው የምታነቡት ግፊት ያታልላል፣ "ወጣ" ያሰኛችኋል። ሙቀቱ ሲረጋ እንደገና 3ኛውንና 4ኛውን ደረጃ ሥሩ። ትርፉ ከ3 ፒኤስአይ በታች ሲወርድ አቁሙ። ዜሮ ለማድረስ አትታገሉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ስባችሁ ግፊቱ ካልተንቀሳቀሰ ደግሞ ችግሩ አየር አይደለም ማለት ነው። ቆም በሉና ወደ ቱቦዎቹና ወደ መለኪያዎቹ ተመለሱ።

9. የወጣውን መዝኑ፣ ሲሊንደሩ ላይ ጻፉበት።
ስንት ኪሎ እንደወጣ ሎግ ሺቱ ላይ ይግባ፣ በኋላ የጋዝ መጠኑን ስታስተካክሉ ይጠቅማችኋል። ሲሊንደሩ ላይ "አር 134ኤ ከአየር ጋር የተደባለቀ" ብላችሁ በጉልህ ጻፉ። ምልክት የሌለው ሲሊንደር ከወር በኋላ ሌላ ልጅ አንስቶ ሌላ ቺለር ውስጥ ይከተዋል። ወደ ራሱ ቺለርም አትመልሱት።

10. አስነሱና ከበፊቱ ጋር አወዳድሩ።
የዘጋችኋቸውን ቫልቮች ሁሉ መክፈታችሁን አረጋግጡ፤ ዲስቻርጅ ተዘግቶ ኮምፕረሰር ማስነሳት ማሽኑን መግደል ነው። ከዚያ ጭነቱ ሲረጋጋ የሳቹሬሽን ሙቀቱን፣ የፈሳሹን ሙቀት፣ የሚወጣውን ውሃ፣ የዲስቻርጅ ሙቀቱንና አምፔሩን ጻፉ። ማወዳደር የሚቻለው ጭነቱና የታወሩ ውሃ ተመሳሳይ ሲሆን ነው። በ40 በመቶ ጭነት የተወሰደን ንባብ ከ90 በመቶው ጋር አታስተያዩ። ሰብኩሊንጉ ከአምራቹ ልክ በታች ከሆነ በወጣው ኪሎ ልክ ጋዝ ጨምሩ።

11. አየሩ በየት እንደገባ ሳታውቁ አትሂዱ።
የጥገና መዝገቡን ክፈቱ። መጨረሻ መቼ ተከፈተ? ቫኪዩሙ በስንት ማይክሮን ቆመ? ጋዙ ከየት መጣ? የዘይት ናሙና ወስዳችሁ አሲድ አስመርምሩ፣ ፊልተር ድራየሩን (የእርጥበትና የቆሻሻ ማጣሪያውን) ቀይሩ።

ሙሉ በሙሉ ማውጣት ካለባችሁ

ይህ ራሱን የቻለ ትልቅ ሥራ ነው፣ የአምራቹን መመሪያ ይዛችሁ ሥሩት። እኔ እዚህ የማነሳው ሰው የሚሳሳትባቸውን ቦታዎች ብቻ ነው።

1. መጀመሪያ ፈሳሹን አውጡ፣ ከዚያ ጋዙን። ሥራው ያጥራል። ጋዝ እየወጣ ሳለ ሁለቱም የውሃ ፓምፖች መሥራት አለባቸው። የአር 134ኤ ግፊት ሲወርድ ሙቀቱ ከዜሮ በታች ይሄዳል፤ የቆመ ውሃ ቱቦ ውስጥ በረዶ ሆኖ ቱቦውን ይሰነጥቀዋል። ያኔ ውሃው ጋዙ ውስጥ ይገባል፣ ኪሳራው አይነገርም።

2. የሊክ ፍተሻውን በደረቅ ናይትሮጅን፣ በሬጉሌተር፣ በማሽኑ ስም ሰሌዳ ላይ ከተጻፈው ግፊት ሳታልፉ አድርጉ።

3. ቫኪዩሙን በወፍራምና አጭር ሆዝ ሳቡ። ማይክሮን ጌጁን ፓምፑ አጠገብ ሳይሆን ከፓምፑ በሚርቀው የማሽኑ ጫፍ ግጠሙ። ፓምፑ አጠገብ ሁሌም ጥሩ ነው የሚያነበው። ግባችሁ 500 ማይክሮን ነው። ከዚያ ፓምፑን ለዩና 30 ደቂቃ ጠብቁ። ንባቡ ትንሽ ከፍ ብሎ ከቆመ እርጥበት ይቀራል፣ እንደገና ሳቡ። ሳያቋርጥ ከፍ ካለ ቀዳዳ አለ።

4. አዲስ አበባ ያላችሁ፣ በተራ ጌጅ 30 ኢንች ሜርኩሪ አትጠብቁ። ፍጹም ቫኪዩም ቢሆን እንኳ እዚህ ከተማ ጌጁ ወደ 23 ኢንች አካባቢ ላይ ይቆማል። "ፓምፑ ደክሟል" ብላችሁ አትቀይሩት። ማይክሮን ጌጅ ግን ከፍታ አይነካውም፣ 500 የትም 500 ነው።

5. ቫኪዩም ውስጥ ያለ ኮምፕረሰር አታስነሱ፣ ሞተሩንም በሜገር (በሽቦ ኢንሱሌሽን መፈተሻ) አትፈትሹ። ጋዝ በሌለበት ኤሌክትሪኩ በቀላሉ ይዘላል፣ ሞተሩ ይቃጠላል።

6. ሲሞላ መጀመሪያ በጋዝ መልክ፣ ግፊቱ 35 ፒኤስአይ እስኪደርስ፣ ውሃው እየዞረ። ከዚያ በኋላ በፈሳሽ። ቀድማችሁ ፈሳሽ ከለቀቃችሁ ቱቦው ይቀዘቅዛል፣ ያው የበረዶ አደጋ ይመጣል። መጠኑ በሚዛን፣ በስም ሰሌዳው ኪሎ ልክ።

በአየር ለሚቀዘቅዙ ቺለሮች

አሠራሩ ያው ነው፣ ማመሳከሪያው ብቻ ይለወጣል። ኮምፕረሰሩን አቁማችሁ የኮንደንሰር ፋኖቹን አዙሩ፣ ኮይሉ (የኮንደንሰሩ ቱቦ) ከውጭው አየር ጋር አንድ ሙቀት ይሁን። ይህን ማለዳ ሥሩት። ፀሐይ የመታው ኮይል ከአየሩ ይሞቃል፣ ግፊቱም ያለ ምክንያት ከፍ ይላል። ጋዙ አር 407ሲ ከሆነ ቻርቱ ላይ ሁለት ዓምድ ታገኛላችሁ፤ ለቆመ ማሽን የፈሳሹን ዓምድ ተጠቀሙ። በእንፋሎቱ ዓምድ ካነበባችሁ የሌለ አየር ታገኛላችሁ።

በዝቅተኛ ግፊት ለሚሠሩት

አር 123 የያዙ ሴንትሪፉጋል ቺለሮች ሌላ ዓለም ናቸው። አር 123 በባሕር ጠለል ግፊት ወደ 28 ዲግሪ ገደማ ነው የሚፈላው፣ ስለዚህ ማሽኑ ሲሠራ ኢቫፖሬተሩ ሁልጊዜ ቫኪዩም ውስጥ ነው። ቀዳዳ ካለ አየር ይገባል፣ ያውም ሳያቋርጥ። ለዚህ ነው ፐርጅ ዩኒት ያላቸው። ይህ ዩኒት ከኮንደንሰሩ ጋዝ ስቦ ያቀዘቅዛል፣ ፈሳሽ የሆነውን ይመልሳል፣ የቀረውን አየር ያስወጣል። እናንተ ከላይ በእጅ የምትከፍቱት ነገር የለም።

የእናንተ ሥራ ፐርጁ በቀን ስንት ደቂቃ አየር እንዳስወጣ በየቀኑ መጻፍ ነው። ቁጥሩ እየጨመረ ከሄደ ቀዳዳ ተከፍቷል። ፐርጁ በደንብ ስለሠራ ብቻ ዝም አትበሉት፤ እርጥበቱ አብሮ እየገባ ነው። ሊክ ስትፈልጉ የማሽኑ ግፊት የሚነሳው የቺልድ ውሃውን (ቺለሩ የሚያቀዘቅዘውን ውሃ) በማሞቅ ነው፣ ከ10 ፒኤስአይ አታሳልፉት። የመከላከያ ዲስኩ በ15 ይቀደዳል፣ ሲቀደድ ሙሉው ጋዝ ይሄዳል።

ቢራ ፋብሪካና ትልልቅ የማቀዝቀዣ መጋዘን ውስጥ አሞኒያ ላይ የምትሠሩ፣ ይህን መመሪያ አትከተሉ። አሞኒያ ከአየር ይቀላል፣ አየሩ የሚሰበሰበው ሌላ ቦታ ነው፣ አደጋውም የተለየ ነው።

ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

ቺለሩ እየሠራ ከላይ መክፈት። ጋዙ በፍጥነት እየተንቀሳቀሰ ስለሆነ አየሩ አንድ ቦታ አልተሰበሰበም፤ የምታወጡት ከሞላ ጎደል ጋዝ ብቻ ነው።

ግፊቱ ከፍ ብሎ እያለ "ጋዝ አንሶታል" ብሎ መጨመር። ይህ አላርሙን ያባብሰዋል። ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ደግሞ አየሩንና ትርፍ ጋዙን ለመለየት ይቸገራል።

የታወሩን ውሃ ሳያዩ መለካት። ውሃው መግቢያው ላይ 21፣ መውጫው ላይ 24 እያለ የተወሰደ ንባብ ዋጋ የለውም። ጠብቁ።

ቢጫውን ሆዝ ከሲሊንደር ላይ ገጥሞ በቀጥታ መክፈት። ሆዙ ውስጥ ያለው አየር ሁሉ ቺለሩ ውስጥ ይገባል። አንድ ጊዜ ትንሽ ናት፤ በየሳምንቱ ጋዝ በሚጨመርበት ቺለር ግን ትጠራቀማለች። በየሳምንቱ ጋዝ የሚጨመርበት ቺለር ደግሞ ከሁሉ በፊት ሊኩ መዘጋት አለበት።

አየሩን አውጥቶ ቱቦውን ሳያጥቡ መሄድ። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አብረው ይገኛሉ። ትርፉ ከ3 ፒኤስአይ በታች ወርዶም በሙሉ ጭነት ላይ የሳቹሬሽን ሙቀቱና የሚወጣው ውሃ ልዩነት ቺለሩ አዲስ ሲተከል ከነበረው በብዙ ከበለጠ፣ የኮንደንሰሩን ክዳን ፈታችሁ ቱቦዎቹን በብሩሽ እጠቡ።